ከፌስታሉ የወጡት ጠርሙሶች፦ በባሕር ዳር የአንዲት የታይሮይድ ታካሚ ጉዳይ

መነሻ

በባሕር ዳር ከተማ በመድኃኒት ቤት ባለሙያነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ለብዙ የታይሮይድ ታካሚዎች መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሁሉንም «በባዶ ሆድ ይውሰዱት» ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ እንዳልሆነ ያስተማረችኝ አንዲት መምህርት ናት።

ጉዳዩን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ፤ የታከመችባቸውን ተቋማትም አልጠቅስም። ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ሐኪሙም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋም፣ ባሕር ማዶ ያለችው እህቷም በያዙት መረጃ ልክ ትክክል የመሰላቸውን አድርገዋል። ታካሚዋ የተጎዳችው የእነዚህ ሰዎች መረጃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝቶ ስለማያውቅ ነው።

የታካሚዋ ታሪክ

ዕድሜዋ 39፣ ክብደቷ 62 ኪሎ ግራም ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ናት። ሽምብጥ አካባቢ ከዘጌ መጥተው አብረዋት ከሚኖሩ እናቷ ጋር ትኖራለች። ሕመሟ የጀመረው በድካም ነበር፤ ከክፍል ወጥታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላታል። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ሌላው ሰው በሙቀት ሲንገላታ እሷን ይበርዳታል።

በጥቅምት ወር በተደረገላት የደም ምርመራ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን 28 ሆኖ ተገኘ። ጤናማ በሆነ አዋቂ ሰው ይህ ቁጥር በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚወጣ ትእዛዝ ነው፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲደክም ትእዛዙ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ዕጢው ደክሟል ማለት ነው። ቲፒኦ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካልም በብዛት ተገኘባት። ምርመራው ሐሺሞቶ መሆኑን አረጋገጠ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1912 በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ከገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት ትቶ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ታዘዘላት፤ መጠኑም ቀስ በቀስ ወደ 100 ማይክሮግራም ከፍ አለ። ያን ዓመት ሐኪሙ ስለመከራት ዐቢይ ጾምን አልጾመችም። ክኒኑን ጠዋት በውኃ ውጣ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይና ቁርሷን ትበላለች። በሚያዝያ ወር ቲኤስኤች 3.1 ገባ። ጎርንኖ የነበረው ድምፅዋ ተመለሰ፣ ሆዷም ለሰለሰ። ፀጉሯ ግን ገና ነበር፤ እሷንም እህቷንም ያሳሰባቸው ይኸው ነው።

ችግሩ

ከፋሲካ በኋላ እህቷ ከአሜሪካ በመንገደኛ እጅ አንድ ሻንጣ የሚሞሉ ቫይታሚኖችን ላከችላት። በእኛ አገር ከጠርሙስ የሚወጣ ማሟያ ሁሉ «ቫይታሚን» ነው የሚባለው፤ ማዕድን ይሁን ዕፅ፣ የባሕር አረም ይሁን ሆርሞን፣ ስሙ አንድ ነው። ይህ ስያሜ ራሱ ጥርጣሬን ያጠፋል። ቫይታሚን ማንን ጎድቶ ያውቃል?

በሐምሌ ወር ቲኤስኤች 19 ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ 125 ከፍ አደረገው። በመስከረም ወር ቁጥሩ 14 ሆኖ ሲያገኘው ወደ 150 አሳደገው። በዚያው ወር ሌላ መንገደኛ ለፀጉር የሚሆን አዲስ ጠርሙስ ይዞላት መጣ። በኅዳር ወር ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ 0.08 ሆነ፤ ፍሪ ቲፎር የተባለው የታይሮይድ ሆርሞንም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ታየ። ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ በዝቷል። መጠኑ ወደ 75 ወረደ። በጥር መጀመሪያ እንደገና ስትመረመር 0.05 ሆነ። አሁን ሐኪሙ ዕጢው በራሱ ከልክ በላይ መሥራት ጀምሯል ብሎ ጠረጠረ። ሌቮታይሮክሲኑን አስቁሞ የታይሮይድን ሥራ የሚገታውን ፕሮፒልታዮዩራሲል አዘዘ።

ያንን ማዘዣ ይዛ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ቀኑ ከጥምቀት በፊት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጠራራ ፀሐይ። እሷ በወፍራም ሹራብ ላይ ነጠላ ደርባለች። ማዘዣውን ስትሰጠኝ ጣቶቿ እጄን ነኩኝ፤ ከሐይቅ ውኃ የወጡ ያህል ይቀዘቅዛሉ። ድምፅዋ ጎርንኖ ፊቷ አብጧል። የደም ግፊት መለኪያውን አሰርኩላት፤ የልብ ምቷ 56 ነበር። ታይሮይዱ የበዛበት ሰው ያልበዋል፣ ይከሳል፣ ልቡ ይደልቃል። ፊቴ የቆመችው ሴት የዚያ ተቃራኒ ናት። ወረቀቱና ሰውየዋ አልተስማሙም።

መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውርጄ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና፣ «እቤት ውስጥ የሚወስዱትን ሁሉ፣ መድኃኒት ያልመሰለዎትንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ከተው ነገ ያምጡልኝ» አልኳት። በዚያው ሰዓት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። እስኪጣራ ድረስ አዲሱን መድኃኒት እንዳትጀምር ተስማማን።

ፌስታሉ ሲፈታ

በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጡ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን፤ ሰባት ነበሩ። እያንዳንዱን መለያ አንብቤ የሚወሰድበትን ሰዓት ጻፍኩ። ይህ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መነሻው እነዚያ ሃምሳ ደቂቃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የፀጉርና የጥፍር ማሟያ ነው። አንዱ እንክብል 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን ይዟል። አዋቂ ሰው በቀን ይበቃዋል የሚባለው 30 ማይክሮግራም ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ከ300 እጥፍ በላይ እየወሰደች ነበር። ባዮቲን በዚህ መጠን ሰውነትን ይመርዛል የሚል ሥጋት የለኝም፤ ችግሩ ላቦራቶሪው ላይ ነው። ብዙ የሆርሞን መመርመሪያ መሣሪያዎች ሆርሞኑን ከደም ናሙናው ውስጥ ለማጥመድ ራሱን ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ይጠቀሙበታል። በደም ውስጥ ከመጠን ያለፈ ባዮቲን ሲኖር ማያያዣው ይዛባል፤ ቲኤስኤች ከእውነቱ በታች፣ ፍሪ ቲፎር ከእውነቱ በላይ ሆነው ይወጣሉ። ሁለቱ ስህተቶች ተደምረው የሚሰጡት ሥዕል ቁርጥ የታይሮይድ መብዛት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የኅዳሩም የጥሩም ምርመራ የተደረገው እንክብሉን በዋጠችበት ጠዋት ነበር።

ሁለተኛው የባሕር አረም ነው። በአንድ ክኒን 325 ማይክሮግራም አዮዲን እንዳለው ተጽፎበታል፤ በቀን ሁለት ትወስዳለች፤ 650 መሆኑ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ያስቀመጡት ጣሪያ 600 ነው። እሷ ደግሞ ከዚህ ሌላ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ትመገባለች።

እዚህ ላይ እናቷን ማየት ግድ ነበር። እማማ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ አገር እኮ ይህን ነበር የምናውቀው» አሉኝ። አንገታቸው ዙሪያ በረድፍ የተነቀሰ ንቅሳት አለ፤ በልጅነታቸው እንቅርት እንዳይወጣባቸው የተነቀሱት ነው። እሳቸው ባደጉበት ዘመን እንቅርት የደጋውና የወይና ደጋው ሰው የዘወትር ሕመም ነበር፤ ዋና ምክንያቱም የአዮዲን እጥረት ነው። ኋላ ትምህርቱ በየጤና ጣቢያው ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ስለዚህ አንዲት ባሕር ዳር ያደገች ሴት «ታይሮይድ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ቀድሞ የሚመጣላት አዮዲን ነው። እህቷም የላከችው በዚሁ እሳቤ ነው። ማሰቧ አያስወቅሳትም።

ሐሺሞቶ ግን የእማማ ዘመን እንቅርት አይደለም። ዕጢው የተጎዳው አዮዲን አጥቶ ሳይሆን በራሱ ሰውነት ተጠቅቶ ነው። ጤናማ ዕጢ ብዙ አዮዲን ሲገባበት ለጥቂት ቀናት ሥራውን ያቆምና መልሶ ይለምደዋል። በሐሺሞቶ የቆሰለ ዕጢ ይህን መልመድ ብዙ ጊዜ ይሳነዋል፤ እንደቆመ ይቀራል። ለእሷ የባሕር አረሙ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነበር። ጨዉን ግን እንዳትተው ነገርኳት፤ ጨው ውስጥ ያለው መጠን ለምግብ የተለካ ነው፤ ልጆቿም ከዚያው ድስት ነው የሚበሉት።

ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አንድ ላይ ይታያሉ፤ የተገናኙት በሴሊኒየም ነው። ብቻውን ሴሊኒየም የሆነው 200 ማይክሮግራም፣ «ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚለው ድብልቅ 200፣ የሁሉም ቫይታሚን ስብስብ የሆነው ደግሞ 70 አለው። እሷ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የምትወስድ ይመስላታል። ደምረን ስናየው በቀን 470 ሆነ፤ በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ 400 ነው። ሴሊኒየም ሲበዛ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ዋነኞቹ የፀጉር መርገፍና የጥፍር መሰባበር ናቸው። ጥፍሮቿን አየኋቸው፤ ጫፋቸው ተሰነጣጥቋል። ፀጉሯን ለማዳን የምትውጠው ነገር ፀጉሯን እያረገፈው ሊሆን እንደሚችል ስነግራት ዝም ብላ ጠርሙሱን እያገላበጠች ቆየች።

ሴሊኒየም ለዚህ በሽታ ባዶ ወሬ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞንን ወደሚሠራበት ቅርጽ የሚለውጡት ኢንዛይሞች ያለሴሊኒየም አይሠሩም። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በቀን 200 ማይክሮግራም ለሦስት ወር የወሰዱ የሐሺሞቶ ታካሚዎች የቲፒኦ መጠናቸው ቀንሶ ታይቷል። ተስፋው ሁሉ የተዘረጋው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች እስከዚያ የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲያዩ ግን ሴሊኒየምን ለሐሺሞቶ ይወሰድም አይወሰድም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። የፀረ እንግዳ አካል ቁጥር መቀነስና የታካሚው መሻል አንድ አይደሉም፤ ሰው የሚኖረው በቁጥሩ አይደለም። «ለታይሮይድ ድጋፍ» የሚሉ ድብልቆች ደግሞ ሌላ ሥጋት አላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ተገዝተው ሲመረመሩ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ እውነተኛ የታይሮይድ ሆርሞን የተገኘባቸው አሉ።

ስድስተኛው ካልሲየም፣ ሰባተኛው ብረት ነው። ብረቱን ያዘዙላት እዚሁ ነው፤ ደም አነሰሽ ተብላ። በራሱ ተገቢ ነበር፤ የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ ብረት ይፈልጋል። ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ነው። «እንዳልረሳ ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምውጠው» አለችኝ። ካልሲየምና ብረት ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው።

በምን እንደምትውጣቸው ጠየቅኳት። እናቷ ቀድመው መለሱ፤ «በተልባ ነው፤ ጨጓራዋን ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ተልባ እበጠብጥላታለሁ። ከዚያ ቡናው ይደርሳል» አሉ። ቡናው የዘጌ ነው፤ ከራሳቸው ጓሮ የተለቀመ፤ አቦሉ የሚቀዳው ተልባው ከተጠጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። አሰር የበዛበት ነገር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ተልባ ደግሞ አሰር ነው። ቡናም እንዲሁ ያግደዋል፤ ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ክኒኑን ከቡና ጋር በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህን አሳይቷል። ቲኤስኤች ከ3.1 ወደ 19 ለምን እንደዘለለ አሁን ገባኝ። መድኃኒቱ አላነሰም፤ ከአፍ እስከ ደም ባለው መንገድ ላይ ካልሲየም፣ ብረት፣ ተልባና ቡና ቆመውበት ነበር። ሐኪሙ ይህን ሳይነገረው መጠኑን ማሳደጉ የሚጠበቅ ነው።

ጎን ለጎን የወጣ አንድ ነገር ልጨምር። እህቷ በስልክ «ግሉተን ተዪ፣ እንጀራ አትብዪ» ብላት ስለነበር ለሁለት ወር እንጀራ ትታ ዳቦ ትበላ ነበር። ነገሩ በተቃራኒው ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በእኛ አካባቢ ጤፍ ላይ የሚደባለቁት ዳጉሳ፣ በቆሎና የፎገራ ሩዝም የላቸውም። ያለው ስንዴና ገብስ ውስጥ ነው። ምክሩ እንጀራ በማይታወቅበት አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው፤ ሲደርሰን ማንም አልተረጎመልንም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ምርመራውን ማጥራት ነበረብን። ባዮቲኑን አቁማ ሰባት ቀን ቆየችና ከጥምቀት በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ ደሟ ተመረመረ። ቲኤስኤች 41፣ ፍሪ ቲፎር ከመጠን በታች። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ መልሶ ደወለልኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። የታይሮይድ መግቻው መድኃኒት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ የደከመ ዕጢ ላይ ሌላ ሸክም በተጨመረ ነበር።

ሐኪሙ ሌቮታይሮክሲኑን እንደገና አስጀመረ። ስንት ይሁን የሚለው አነጋግሮን ነበር። ያለፈው ከፍተኛ መጠን 150 ቢሆንም እዚያ የደረሰው መንገዱ በመዘጋቱ ነው። ሙሉ ምትክ የሚያስፈልገው ሰው በአማካይ በኪሎ ግራም 1.6 ማይክሮግራም ይወስዳል፤ ለ62 ኪሎ 99 ይመጣል። ወደ 100 መመለሱ ትክክል መስሎ ታየው።

ከሰባቱ ጠርሙሶች ስድስቱ ቆሙ። የባሕር አረሙ፣ ድብልቁና ባዮቲኑ ለዘለቄታው ቀሩ። ሴሊኒየሙን ያስቆምነው በሰውነቷ የተጠራቀመው እንዲቀንስ ነው። እዚህ ከተማ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ዓሣ ጥሩ የሴሊኒየምና የቢ12 ምንጭ ነው፤ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል አልኳት፤ በጾም ወቅት ዓሣ መብላቷንና አለመብላቷን ግን ለራሷ ተውኩት። ካልሲየሙን ያዘዘላት ማንም አልነበረም። ብረቱ ቀጠለ፤ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን 9 ብቻ ስለነበር። እሱን ወደ ምሳ ሰዓት አዛወርነው፤ ከቡናውም እንዲርቅ አደረግን፤ ቡናና ሻይ ብረትንም ያግዳሉና።

ጠዋት 12 ሰዓት ክኒኑ በንጹሕ ውኃ ብቻ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርስ፤ ተልባው ወደ ማታ። ወረቀቱን ጽፌ ሰጠኋት። እማማን ስለ ቡናው ስናገር ፊታቸው ጠቆረ። ቡና ለሳቸው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ከልጃቸው ጋር የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። «ክኒኑን ስትውጥ ያን ጊዜ ቡናውን መቁላት ይጀምሩ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል» ብዬ ስላቸው ፈገግ አሉ። ከመመሪያዎቼ ሁሉ አንድም ቀን ያልተጣሰው ይህ ነው።

ያልሠራው

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጋቢት ወር ስትመረመር ቲኤስኤች 11 ሆኖ ተገኘ። ከ41 ወርዷል፤ ግን ይጠበቅ የነበረው ከዚህ በታች ነው። ጠርሙስ እንደገና ጀምራ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ አልጀመረችም። ክኒኑንም አንድ ቀን አላጓደለችም። ብዙ ጠይቄ መጨረሻ ላይ፣ «ከ9 ሰዓት በፊት በአፌ ምንም አይገባም» አለችኝ። ክኒኑን ጾሟን በምትፈታበት ሰዓት፣ ከምግቡና ከብረቱ ጋር ትውጠው ነበር። ጾሟን አፍርሳ ከመዳን ጾማ መታመምን መርጣለች፤ ይህንንም ለእኔ ለመናገር አፍራለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔም የማስቀድስ፣ የምጾም ሰው ነኝ። ጥር ላይ ያንን ወረቀት ስጽፍ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጾም እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን አልጠየቅኳትም፤ ባዶ ሆድ ማለት ጠዋት ብቻ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ሁለት መንገድ አቀረብኩላት። አንደኛው ነፍስ አባቷን ማማከር ነው፤ ሕመምተኛ ለመድኃኒት ሲባል እንደሚፈቀድለት ታውቃለች፣ ቢሆንም ከእሳቸው አፍ መስማት ትፈልጋለች። ሁለተኛው ክኒኑን ማታ መውሰድ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራ ሌቮታይሮክሲን ማታ በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ ከጠዋቱ የተሻለ ቁጥር እንደሚሰጥ አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታው ከእራት በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ማለፉ ነው። ሁለተኛውን መረጠች። እራቷን ወደ ማታ 1 ሰዓት አመጣችው፤ ክኒኑን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ትውጣለች። ብረቱ በ9 ሰዓት ከምግቡ ጋር፣ ቡናው ደግሞ በ11 ሰዓት ሆነ። ማታ ሊጠጣ የነበረው ተልባ ከብረቱም ከክኒኑም ጋር ስለሚጋጭ ጾሙ እስኪያልፍ ተተወ።

ከተጠበቀው ያነሰ ውጤት የሰጠ ሌላም ነገር አለ። የቲፒኦ ቁጥሯ እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳለ ቀረ። በዚህ አዝና ነበር፤ እህቷ «እሱ ካልወረደ አልዳንሽም» ብላታለች። ሐኪሙ ቲፒኦ በሽታው መኖሩን ለማወቅ እንጂ ሕክምናውን ለመከታተል እንደማያገለግል፣ መድኃኒቱ የሚለካውም በቲኤስኤች መሆኑን አስረድቷታል። እኔም ለእህቷ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፤ የምትልከው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ አልኳት፤ መለያዎቹን አንድ በአንድ አስረዳኋት። መልሷ አጭር ነበር፤ ድምፅዋም ይቆራረጥ ነበር፦ «እኔ እኮ አጠገቧ ስላልሆንኩ ነው።»

ውጤቱ

በግንቦት ቲኤስኤች 2.6 ሆነ፤ መድኃኒቱ በ100 እንዳለ። ከዚያ በፊት በ150 ያልተገኘ ቁጥር ነው። ሹራቡ ቀረ። የሆድ ድርቀቱ የቀነሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ድካሙ ግን ፌሪቲን 30 እስኪያልፍ አልለቀቃትም። ስለዚህ የድካሙ ከፊሉ የብረት እንጂ የታይሮይድ እንዳልነበር አሁን አስባለሁ። ፀጉሯ መርገፍ ያቆመው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያስተካከለው የሴሊኒየሙ መቆም ይሁን፣ የታይሮይዱ መስተካከል ይሁን፣ ወይስ ብረቱ፣ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተለውጠዋል።

እናቷ ድቁስ ውስጥ የሚጨምሩትን ጥቁር አዝሙድ አላስተውኳትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢራን ውስጥ በ40 የሐሺሞቶ ታካሚዎች ላይ በተሠራ የስምንት ሳምንት ሙከራ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፤ ትንሽ ጥናት ስለሆነ ለሕክምና አይበቃም። በምግብ ላይ እስከሆነ ድረስና ከክኒኑ እስከራቀ ድረስ ግን የእናቷን ድቁስ ማስጣል አልፈለግሁም።

ከዚህ ጉዳይ ለሌሎች የሚተርፈው

በታይሮይድ ሕመም ላይ ማሟያ «ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ከመባሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው፦ ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል ወይ? የደም ምርመራውን ያሳስተዋል ወይ? የዚህች ታካሚ ሥቃይ አብዛኛው የመጣው ከእነዚህ ሁለቱ ነው።

የታይሮይድ ምርመራ የሚደረግለት ሰው ሁሉ የፀጉር ቫይታሚን ይወስድ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ባዮቲን ይቆማል፤ መጠኑ ትልቅ ሲሆን ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ታካሚውም ሳይጠየቅ ቢናገር የላቦራቶሪ ባለሙያው ደስ ይለዋል። ምልክቱና ወረቀቱ ሲጣሉ ምርመራውን መድገም መድኃኒት ከመቀየር ይቀድማል።

ቲኤስኤች ድንገት ሲጨምር መጠን ከመጨመር በፊት የጠዋቱን ሰዓት በዝርዝር ማስነገር ያስፈልጋል። «በባዶ ሆድ ነው የሚወስዱት?» ሲባል ሁሉም አዎን ይላል፤ ተልባ የጠጣ ሰውም ሆዱን ባዶ ነው ብሎ ያስባል። «ከእንቅልፍ ሲነሡ መጀመሪያ በአፍዎ የሚገባው ምንድን ነው? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከመጠኑ ወይም ከሰዓቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ መመርመር ቁጥሩን ያሳስታል፤ መድኃኒቱ ከደም በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት ሰውነት ቶሎ አይረጋም።

ብዙ ጠርሙስ ባለበት ቤት ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው መደመር ያስፈልጋል። ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ጠርሙሶች አንድ ሴሊኒየም ሊሆኑ ይችላሉ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ሳያዩ የመድኃኒት ሰዓት መስጠትንም ትቻለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት ላይ፣ ከአለርጂና ከእርግዝና ጥያቄዎች ቀጥሎ፣ «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» የሚል መስመር አለ። ባለፈው ሳምንት ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት መምህርቷ መድኃኒቷን ልትወስድ መጣች፤ ወረቀቷን ገና ሳላወጣ፣ «ማታ 4 ሰዓት ተኩል፣ አውቄዋለሁ» አለችኝ። እጇን ስጨብጣት ሞቃት ነበር።